ከቆርቆሮ የሚወጡ ሰዎች

«አይሆንም!» አለች እታለም፣ እጇ ገና ከቆርቆሮው ሳይወጣ።

በጣቶቿ መሐል የያዘቻት ቁራጭ ወረቀት ሰማያዊ ናት። ሰማያዊ ማለት «ምን ደረሰበት» ማለት ነው። በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት «የሚወደዱት ሽማግሌ ይሞታሉ» ተብሎ ተጽፎባታል።

«ወጣ እኮ» አለ አዲሱ የድራማ ክፍል ኃላፊ፣ እጁን በደስታ እያፋተገ። «የወጣው ወጣ ነው እታለም። ምርጫው የእኔም የእርስዎም አይደለም፤ የቀመሩ ነው።»

«ልጄ፣ ሽማግሌውን የወለድኳቸው እኔ ነኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው መግደል የሚከብድዎ። ሥልጠናው ላይም ነግረውን ነበር፤ ደራሲ ሁሉ መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ይላል።»

መጀመሪያ ላይ! እታለም የሬዲዮ ጣቢያው የድራማ ደራሲ ናት። የሐሙስ ምሽቱን ተከታታይ ድራማ መጻፍ ስትጀምር ጸጉሯ ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ከጥቁሩ ነጩ ይበዛል። በር ከፋቹም፣ ዜና አንባቢዋም፣ የገዛ ባሏም እታለም ይሏታል። ኃላፊው ይህ ቢሮ የተሰጠው ገና አሁን ነው። ጫማው ያብረቀርቃል፤ ንግግሩ ትሑት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ጮኾ መገላገል ይቻላል።

ድራማው ስለ አንድ የሳሙና ፋብሪካና በዙሪያው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። እታለም እነዚህን ሰዎች የምትለቅማቸው ከመንገድ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ የማታውቀውን ሕፃን አቅፋ፣ እናቱ ቦታ እስክታገኝ ድረስ ራሱን የምታሸት ሴት ካየች፣ ያቺ ሴት ሳታውቀው ለሐሙስ ተቀጠረች ማለት ነው። ግን ቶሎ አትጽፋትም። መጀመሪያ ዜማዋን ትፈልጋለች። ሰው ሁሉ ዜማ አለው ብላ ታምናለች፤ አንዱ ከፍ ብሎ ጀምሮ ዝቅ እያለ የሚሄድ፣ ሌላው አንድ ቦታ ላይ ሲዞር የሚኖር። ልብስ ተኳሿን ስትጽፍ እንደ ብረቱ ሄድ መለስ የሚል ነገር ታንጎራጉራለች። የፋብሪካውን ሽማግሌ በረኛ ስትጽፍ ደግሞ ራሷ የገጠመችው አንድ ስንኝ አለ፤ ከአፏ አይጠፋም፦

ሁሉም ያልፋል በሩን፣ አንተ ትቀራለህ፣
የሄደው ሲመለስ፣ ደጁን ትከፍታለህ።

አሁን ይሙቱ የተባሉት እኚሁ በረኛ ናቸው።

ኃላፊው ከሥልጠና ሲመለስ ይዞ የመጣው ሦስት ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮና አንድ ትልቅ ሥዕል ነው። ቆርቆሮዎቹ በባለቀለም ወረቀት ተጠቅልለዋል። ከቀዩ «ማን ነው» ይወጣል፤ ከቢጫው «ምን ጎደለው»፤ ከሰማያዊው «ምን ደረሰበት»። ደራሲዋ ዓይኗን ጨፍና ከየቆርቆሮው አንዳንድ ታወጣለች፤ አንድ ላይ ስትገጥማቸው ሰው ይሆናል። ሥዕሉ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አንድ መስመር ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሥሩ «ጀግናው የሚወጣው ተራራ» ይላል።

ለሠራተኛው ያስተዋወቀ ለት «ጀግናው ቁስል ያስፈልገዋል» ብሎ ነበር የጀመረው።

«የትኛው እግሩ ላይ?» አለ ከኋላ የተቀመጠው ድምፅ ሠሪ። የበር መከፈቱን፣ የዝናቡን፣ የእግሩን ድምፅ ሁሉ የሚሠራ እሱ ስለሆነ «ኮቴ» ብለው ነው የሚጠሩት። «አነካከሱን ከአሁኑ ልለማመድ ብዬ ነው።»

«የልብ ቁስል ነው።»

«እሱማ ድምፅ የለው» አለ ኮቴ፣ ቅር እያለው።

የመጀመሪያዋ የቆርቆሮ ልጅ አዋላጅ ነበረች። የጎደላት ነገር ሲወጣ «መናገር ትታለች» ይላል። እታለም ወረቀቱን አየችው፤ ኃላፊውን አየችው።

«ይኼ ሬዲዮ ነው» አለችው።

«አዎ።»

«የማትናገር ሴት።»

«ምሥጢራዊ ትሆናለች!»

ተዋናይቷ መጣች፤ ማይክሮፎኑ ፊት ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ጨርሳ ሄደች። የሰፈሩ ሰው ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት ጀርባ ጀርባውን ሲመታ አመሸ። በሚቀጥለው ጊዜ ከብት የሚፈራ የከብት ሐኪም ወጣ። ከዚያ የባሰው ግን «በልጅነቱ የጠፋ መንታ አለው» የምትለው ወረቀት ናት። ደንቡ አንድ ወረቀት ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይግባ ስለሚል፣ ያቺ ጉደኛ ደጋግማ ወጣች። ልብስ ተኳሿ መንታ ተገኘላት። የከብት ሐኪሙም። ሒሳብ ሹሙም። የፋብሪካው ሠራተኛ ግማሹ የሌላው ግማሽ መንታ ሆኖ አረፈው፤ ሁለቱንም መንታ የሚጫወቱት ተዋንያን ከራሳቸው ጋር እየተቃቀፉ ማልቀስ ጀመሩ።

«እታለም፣ እባክሽን» አላት ኮቴ፣ በጫማ የተሞላ ሣጥኑን እያሳያት። «ለሰው አንድ ጥንድ ጫማ ነበር ያለኝ። መንታው በሌላ ኮቴ ካልገባ ማን ይለየዋል? የሚስቴን እንኳ አምጥቻለሁ። አሁን እሷ በነጠላ ጫማ ነው ሥራ የምትሄደው!»

ይህን ሁሉ እታለም ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። የሰማያዊዋን ወረቀት ግን አልቻለችም።

«ለምን ይሞታሉ? በረኛው ምን አደረጉ?» አለች።

«መካሪው ሲሞት ጀግናው ይነቃል» አለ ኃላፊው ወደ ተራራው እየጠቆመ።

«ጀግናው ማን ነው?»

«እሱ ገና አልወጣም።»

«ገና ላልተወለደ ሰው መንቂያ ብዬ የነቁትን ልግደል?»

ኃላፊው ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ ግን በትሕትና «እርስዎ ከከበደዎ እኔ እጽፈዋለሁ። እንዴት እንደሚሞቱም አውጥቼ አይቼዋለሁ፤ በመብረቅ ነው» አላት።

እታለም ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በመብረቅስ አይሞቱም፤ ግድ ከሆነ እሷው ትጽፈዋለች።

ኃላፊው ያላወቀው ነገር ነበር። በረኛውን በድምፅ የሚጫወቱት ሽማግሌ፣ ጣቢያው ሁሉ ጋሽዬ የሚላቸው ናቸው። የድሮ የመድረክ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ዝም ብሏል። ልጃቸው ከእታለም ጋር አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ተገናኝታ፣ እየሳቀች ጀምራ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እንዲህ ብላት ነበር፦ «ሌላውን ቀን እኔ ካልቀሰቀስኩት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ሐሙስ ሲሆን ግን ራሱ ተነሥቶ ጢሙን ይላጫል። ከእኔ በፊት ሻዩን አፍልቶ ይጠብቀኛል። እትዬ፣ ይኼን የሐሙሱን ድራማ ባትጽፊ እኔ አባት አይኖረኝም ነበር።»

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ሐሙስን የምትነጥቃቸው።

እቤቷ ገብታ ጻፈች። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ በእንቅልፋቸው ገደለቻቸው፤ መስመር ዝቅ ስትል ሳታስበው ተነሥተው በሩን ከፈቱ። በሌላው ላይ አሳመመቻቸው፤ ሐኪሙ ደህና ናቸው አለ፤ ራሷ የጻፈችው ሐኪም! በሦስተኛው ላይ ዜማቸው መጣባትና ስታንጎራጉር ገጹ አለቀ።

ባሏ ሰዓት አዳሽ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ገጥሞ አንዲት ትንሽ የእጅ ሰዓት ሆድ ከፍቷል።

«ሞቱልሽ?» አላት ቀና ሳይል።

«እምቢ አሉ።»

«እና ንገሪያቸዋ።»

«ማንን?»

«ሰውዬውን ነዋ። የመድረኩን። መሞታቸውን ማይክሮፎን ፊት ቆመው ከወረቀት ያንብቡት? አንቺ ብትሆኚ ትወጅዋለሽ?»

«አንተ ደግሞ አፍህ ቀላል ነው። እንዴት ተብሎ ነው የሚነገረው? ‹ጋሽዬ፣ ከቆርቆሮ ወጥተዋል› ልበላቸው?»

ባሏ ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። «እንግዲህ እኔ ሰዓት እንጂ ሰው አልጠግንም» አለና ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። ምንም ባይፈይድላትም ትክክል መሆኑ አናደዳት። ሚስት በባሏ ይበልጥ የምትናደደው ትክክል ሲሆን ነው።

በማግሥቱ ጋሽዬ ቤት ሄደች። ጠባብ ክፍል ናት፤ በመስኮቱ በኩል ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንደኛው ላይ ማንም እንደማይቀመጥ አቧራውን ሳይሆን ንጽሕናውን አይታ ነው ያወቀችው። ጋሽዬ ከወገባቸው ቀና ብለው በሩን ከፈቱላት፤ ወንበር ግን የራሳቸውን ነው የለቀቁላት፤ እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ጋሽዬ» አለች። «እኔ እኮ... ሐሙስ ለት እንግዲህ... ድራማው ላይ...»

«ሞትኩ?»

«እንዴት አወቁ?»

«ኮቴ ነገረኝ። ትናንት መጥቶ ስንት ኪሎ ነዎት አለኝ። ስወድቅ የሚጥለውን ጆንያ በልኬ ሊሞላ ነው።»

እታለም ኮቴን በሆዷ ረገመችው። ጋሽዬን ልታባብል ቃል ስትፈልግ እሳቸው ቀደሟት፦

«ስንት ገጽ ነው?»

«ምኑ?»

«ሞቴ።»

«ግማሽ... ግማሽ ገጽ።»

«ግማሽ!» ጋሽዬ ከአልጋው ተነሡ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን በር ስከፍትልሽ በር ስዘጋልሽ ኖሬ ግማሽ ገጽ? መድረክ ላይ እንኳ ስንት ንጉሥ ሲሞት ሳይ፣ እኔ ጦር ይዤ ከጎን የምቆም ነበርኩ። አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ ብሞት ብዬ ስመኝ ኖሬ፣ አሁን ግማሽ ገጽ?»

እታለም የምትስቀው ይሁን የምታለቅሰው ጠፋት። ሌሊቱን ሙሉ ስታዝንላቸው ያደረችው ለዚህ ነው?

ጋሽዬ ተመልሰው ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እሷ እኮ ምንም አላለችኝም» አሉ፣ ዓይናቸው ባዶው ወንበር ላይ። «መጋረጃውን ዝጋልኝ ነው ያለችው። ዘግቼ ዞር ስል የለችም። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ጊዜ ቢሰጣት ምን ልትለኝ ነበር እያልኩ አስባለሁ። አንድ ሰው እንኳ በወጉ ተሰናብቶ ይሂድ። ጨምሪልኝ።»

«እጨምራለሁ ጋሽዬ። ግን ከሐሙስ በኋላስ?»

ጋሽዬ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ኮታቸውን አወረዱና በመዳፋቸው ይጠርጉት ጀመር፤ ጉድፍ አልነበረበትም።

ሐሙስ ደረሰ። ድራማው የሚተላለፈው በቀጥታ ነው፤ ቀይ መብራት ሲበራ የተባለው ሁሉ ተባለ፣ የሚመለስ ነገር የለም። ስቱዲዮው ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ጨርቅ የለበሰ፣ መሐሉ ላይ ማይክሮፎን። ኮቴ ጥጉ ላይ ጠጠር የተነጠፈበት ትሪ፣ ግድግዳ የሌለው አንድ በር፣ የጫማ ሣጥኑንና አሸዋ የተሞላ ጆንያውን ይዞ ቆሟል። ከመስታወቱ ወዲያ ኃላፊው፤ ከጎኑ እታለም። በዚያ ስቱዲዮ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው አንድ ደንብ አለ፦ ተዋናይ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ካሳረፈ ንግግሩ አላለቀም ማለት ነው። መዳፉ እስኪነሣ ሌላው ትንፋሹን ይይዛል፤ ዝምታም ቢሆን ዝምታው የእሱ ነው።

ጋሽዬ ተላጭተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው መጥተዋል። ተራቸው ሲደርስ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

እታለም የጻፈችውን አንድ ገጽ ተኩል አሉት። እንዴት አድርገው! ድምፃቸው በር ቀስ ብሎ እንደሚዘጋ ነበር። የመጨረሻው ቃል «ቁልፉን...» የሚል ነው፤ ከዚያ ይወድቃሉ። ኮቴ ጊዜውን ጠብቆ ጆንያውን ጣለው። ድብ!

«ምንድን ነው የወደቀው?» አሉ ጋሽዬ።

ኮቴ ጆንያውን አየ። ኃላፊው እታለምን አየ።

«የአሸዋ ጆንያ ነው መሰለኝ። አንሡት ልጆቼ፣ ሰው እንዳያደናቅፍ። እኔማ ቁጭ ብያለሁ። ቁልፉን እያልኩ ነበር። ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት የምሰናበተው ሰው አለ።»

«ይኼ የተጻፈ ነው?» አለ ኃላፊው።

«አይደለም» አለች እታለም። ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

ጋሽዬ ልብስ ተኳሿን ጠሯት፤ እጅሽ እንዳይቃጠል፣ ለሰው ልብስ ብለሽ ራስሽን አትተኩሺ አሏት። የከብት ሐኪሙን፣ ልጄ ላሟም አንተን ትፈራሃለች፣ ቀድመህ ሰላም በላት አሉት። የማትናገረዋን አዋላጅ ደግሞ፣ አንቺም ዝም በዪ እኔም ዝም ልበል ብለው ጥቂት አብረው ዝም አሉ። ያን ዝምታ የሰማ ሰው የዚያን ምሽት ሬዲዮውን አልመታም። ከዚያ ኃላፊው ጭራሽ ያልጠረጠረው ነገር መጣ፦ ሁሉም መንታ አላቸው! ልብስ ተኳሿን የተሰናበተ ሰው መንታዋን ሳይሰናበት እንዴት ይሞታል? ጋሽዬ እንደገና ጀመሩ። ተዋንያኑ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ድምፅ «አባባ! አባባ!» እያሉ ያለቅሳሉ፤ ኮቴ ላብ በላብ ሆኖ በየጫማው ይገባል፣ ይወጣል።

ኃላፊው መስታወቱን በጣቱ መታ። እጁን አንገቱ ላይ ሳበ። ሰዓቱን ከፍ አድርጎ አሳየ። ጋሽዬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መዳፋቸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«እንዴት ነው የሚነሣው ይኼ እጅ?» አለ ኃላፊው።

«ራሳቸው ሲያነሡት» አለች እታለም።

ሰዓቱ ሞላ። ሙዚቃው ከሥር ተነሣ፤ የጋሽዬ ድምፅ በሙዚቃው ላይ እየተንሳፈፈ፣ «...ሒሳብ ሹሙ ደግሞ፣ ከሁለታችሁ የትኛው እንደሆንክ እንጃ ልጄ፣ ቀረብ በልማ...» ሲል ቀዩ መብራት ጠፋ።

ኃላፊው በሩን በርግዶ ገባ። «ሞቱ ወይስ አልሞቱም?»

«አልደረስኩም» አሉ ጋሽዬ፣ መዳፋቸውን አንሥተው ጣቶቻቸውን እያፍታቱ።

«ተራራው እኮ...! ጀግናው በሚቀጥለው ሳምንት መንቃት አለበት!»

«ይተኛ ትንሽ። ወጣት እንቅልፍ ይወዳል።»

በዚህ መሐል የስልክ ቤቷ ሠራተኛ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እየሮጠች መጣች። «ኧረ ስልኩ አላስቀምጥ አለኝ! አንዷ ‹ሒሳብ ሹሙን ተሰናበቱት ወይ› ትላለች፤ አንዱ ‹እስከ ሐሙስ ይቆያሉ ወይ› ይላል፤ አንዲት እናት ደግሞ ከልጄ ጋር ተኳርፈን ነበር፣ አሁን ደወልኩለት ብላ ታለቅሳለች። ምን ልበላቸው?»

ኃላፊው ግንባሩን አሸ። ወደ ቢሮው ሄደ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ተራራ አየ፤ ፊቱ በራ። ተመልሶ እጁን እያፋተገ መጣ።

«ማንጠልጠል!» አለ። «ይኼ እኮ የአድማጭን ልብ ማንጠልጠል ነው! ሥልጠናው ላይ ነበር። ያልኳችሁ አይደል? ቀመሩ ሠራ!»

እታለም አንዱን ቆርቆሮ አንሥታ ራሱ ላይ ብትደፋለት ምን ያህል እንደሚቀላት አሰበች። ከዚያ ይልቅ ተቀመጠች። ጋሽዬ ኮታቸውን እየቆለፉ ጎንበስ አሉባት።

«ለሚቀጥለው ስንት ገጽ ነው?»

«ጋሽዬ፣ ሆን ብለው ነው?»

«ምኑን?» አሉና በእርጋታ ወጡ። ኮቴ ጆንያውን ጎትቶ ጥግ አስያዘው፤ እንግዲህ መቼ እንደሚፈለግ አይታወቅም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሐሙስ አለፈ። በረኛው እስካሁን እየሞቱ ነው። ከዝናቡ በፊት ጀምረው፣ ዝናቡ አቁሞ፣ ይኸው እየሞቱ ነው። ኃላፊው ማንጠልጠልን ለሌሎች እንዲያስተምር ሥልጠናው ላይ ተጋብዟል። እታለም ደግሞ የጠዋት እንቅልፏን አጥታለች፤ ባሏ ገና ጫማውን ሳያስር ስልኩ ይጮሃል።

«እታለም፣ ተነሥተሻል? አንድ ኑዛዜ አስቤአለሁ።»

«ጋሽዬ፣ ትናንት ተናዝዘዋል እኮ!»

«የትናንቱ ስለ ቁልፉ ነው። የዛሬው ስለ በሩ ማጠፊያ ነው፤ ዘይት ይፈልጋል።»

እታለም ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ብዕር ፈለገች። ባሏ ከበሩ ላይ ሆኖ ሲስቅ በዓይኗ ገላመጠችው። «እርስዎ ሰውዬ መቼ ነው የሚሞቱልኝ? ወገቤን ቆረጡት እኮ! የምሰጥዎ ሰው አለቀ። ያልተሰናበቱት ድመቷን ብቻ ነው።»

«ድመቷን ባለፈው ተሰናብቻታለሁ፤ አልሰማሽም? ለዚያ ነው የደወልኩት። በማሸጊያው ክፍል የማላውቃቸው ሠራተኞች አሉ። ሳልተዋወቅ እንዴት እሰናበታለሁ? አንድ ሰው አምጪልኝና ላግኘው።»

እታለም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። በመስኮቱ በኩል ቁልቁል ስታይ የመጀመሪያው አውቶቡስ መንገደኛ እየጫነ ነው። አንዱ ሰውዬ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ፣ ወደ ኋላው ዞሮ ማንንም የማይጠብቅ መስሎ ይጠብቃል።

«እሺ» አለች ተማርራ፣ ዓይኗን ከሰውዬው ሳትነቅል። «ምን ዓይነት ይሁንልዎ?»

«ምንም ዓይነት» አሉ ጋሽዬ። «ዝም ብሎ ሰው።»